ስለ ሥር ቻክራ፣ ስለ ስጋትና ስለ ውስጥ እግሬ

ስጋት እኔን የሚጀምረኝ ከሐሳብ ሳይሆን ከእግሬ ነው። ስልክ ባልተለመደ ሰዓት ሲጮህ፣ ወይም ሌሊት ከሩቅ የተኩስ የሚመስል ድምፅ ሲሰማ፣ ምን እንደ ሆነ ገና ሳላስብ ጉልበቴ ይላላል፤ ውስጥ እግሬ ይቀዘቅዝና መሬቱን በደንብ የረገጥሁት አይመስለኝም። በእነዚህ ዓመታት ጎንደር ውስጥ ለኖረ ሰው ይህን ስሜት ማብራራት የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ሥር ቻክራ ስለሚባለው ነገር ማንበብ የጀመርሁትም ለምሥራቁ ዓለም ጥበብ የተለየ ፍቅር ኖሮኝ አይደለም፤ ስጋትን ከጭንቅላት አውርዶ በእግርና በመቀመጫ አካባቢ የሚያስቀምጥ ትምህርት ሆኖ ስላገኘሁት ነው። ይህ ከራሴ አካል ከማውቀው ጋር ገጠመልኝ።

ታንትራ በሚባለው የሕንድ ሃይማኖታዊ ትምህርት የአከርካሪውን መስመር ተከትለው ከታች ወደ ላይ የሚደረደሩ፣ ቻክራ የሚባሉ የኃይል ማዕከላት አሉ፤ የመጀመሪያው፣ ማለትም ሥር ቻክራ፣ ሙላድሃራ ይባላል፣ ስፍራውም የአከርካሪው ግርጌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1577 ፑርናናንዳ የተባለ የቤንጋል ሊቅ በሳንስክሪት በጻፈው ጽሑፍ ውስጥ ይህ ማዕከል አራት ቀያይ ቅጠሎች ያሉት የሎተስ አበባ ሆኖ ተገልጧል፤ በመካከሉ የምድር ምልክት የሆነ ቢጫ አራት ማዕዘን አለ፣ ዝሆንም አለ፤ ኩንዳሊኒ የምትባለው ኃይል ደግሞ እንደ እባብ ሦስት ዙር ተኩል ተጠምጥማ በዚያ ተኝታለች። ዝሆኑን ወድጄዋለሁ። እባቡን ግን በኦርቶዶክስ ቤት ያደገ ሰው ዝም ብሎ የሚያልፈው አይደለም።

ይህ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1919 የካልካታ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ በነበረ እንግሊዛዊ ተተርጉሞ ከወጣ በኋላ ትምህርቱ በምዕራቡ ዓለም በሰፊው ተነበበ፤ ዛሬ ስለ ቻክራ የሚነገረው አብዛኛው ነገር፣ ማለትም እያንዳንዱ ማዕከል ከቀስተ ደመና ቀለማት አንዱን፣ የራሱ የሆነ የስሜት ችግር፣ ምግብና የከበረ ድንጋይ ያለው መሆኑ፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን የተጨመረ ነው። በጥንቱ ትምህርት የተፈለገው መረጋጋት አልነበረም። የተኛችውን ኃይል ቀስቅሶ እስከ ራስ አናት ማውጣትና ከዓለም እስራት መፈታት ነበር፤ ሙላድሃራም የጉዞው መነሻ እንጂ ማረፊያው አልነበረም። ይህን ማወቄ ከልምምዱ አላራቀኝም፤ ይልቁንም ዝርዝሩን ሁሉ እንደ ሕግ ከመቀበል ነፃ አወጣኝ። ለሥር ቻክራ ቀይ ነገርና ከመሬት በታች የሚበቅል ምግብ ብሉ ስለሚሉ ከአራዳ ገበያ ቀይ ሥርና ካሮት ገዝቼ በሰላጣ በልቻለሁ፤ ጣፍጦኛል፣ ከዚህ የተረፈ ምስክርነት የለኝም። ለድንጋዩ ገንዘብ አላወጣሁም።

የማደርገው ነገር ትንሽ ነው። ጠዋት ቡና ሳይፈላ ጫማዬን አውልቄ በግቢያችን ደረቅ መሬት ላይ እቆማለሁ፤ እግሮቼን በዳሌዬ ስፋት ከፍቼ፣ ጉልበቴን ሳላደርቅ፣ ክብደቴ በተረከዜ፣ በአውራ ጣቴ ሥርና በትንሿ ጣቴ ሥር እኩል እስኪያርፍ ድረስ ቀስ እያልሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እወዛወዛለሁ። በዮጋ ይህ የተራራ አቋቋም ይባላል፤ ሲያዩት ዝም ብሎ መቆም ስለሚመስል ጎረቤት ሁሉ ምን ጠፍቶባት ነው የሚለኝ በዚህ ነው። ከዚያ ተረከዜን ከመሬት ሳላነሣ ቁጢጥ እላለሁ። ዮጋ አስተማሪዎች ይህን አቀማመጥ ለከተማ ሰው ለማስለመድ ብዙ ይደክማሉ፤ እናቶቻችን ግን ልብስ ሲያጥቡና እሳት ሲያቀጣጥሉ ዕድሜያቸውን ሙሉ ኖረውበታል፤ እኔ በወንበር ያደግሁት ልጃቸው መጀመሪያ ላይ ግድግዳ መያዝ ነበረብኝ። ትምህርቱ ለዚህ ማዕከል «ላም» የሚል ድምፅ በረዥሙ እየተነፈሱ እንዲያሰሙ ያዝዛል። ይህንንም ሞክሬ ነበር፤ ታናሽ እህቴ ከበሩ ብቅ ብላ «እትዬ፣ የጠፋችው የማን ላም ናት?» ስትለኝ ሁለታችንም በሳቅ ወደቅን፤ ከዚያ በኋላ ድምፁን ትቼ አተነፋፈሱን ብቻ ያዝሁ።

አተነፋፈሱ ከሁሉ ይልቅ ጠቅሞኛል። በአፍንጫዬ ቀስ ብዬ አስገባለሁ፣ ካስገባሁበት ረዘም ባለ ጊዜም አስወጣለሁ፤ ሳልታገል ሲሆንልኝ በደቂቃ ወደ ስድስት ትንፋሽ ይደርሳል። ሐኪም አካልን ቢከፍት ቻክራ የሚባል ብልት አያገኝም፤ የዚህ ልምምድ ጥቅም ግን በሌላ መንገድ ሊገለጥ ይችላል። አየር ስናስገባ የልብ ምት በጥቂቱ ይፈጥናል፣ ስናስወጣ ይዘገያል፤ ከአንጎል ግርጌ ተነሥቶ ወደ ልብና ወደ ሆድ የሚወርደው ቬገስ የተባለው ነርቭ በዝግታ ስንተነፍስ ሥራው ይበረታል፣ ሰውነትም ለመሸሽና ለመታገል ከተዘጋጀበት ሁኔታ ቀስ በቀስ ይመለሳል። ውስጥ እግር ደግሞ ጫናንና እንቅስቃሴን የሚለዩ ብዙ የነርቭ ጫፎች አሉት፤ ልብ ብሎ ለሚከታተላቸው ሰው አእምሮ ከሚፈራው ነገ ላይ ተነሥቶ አሁን ወዳለው ጠጠር፣ ቅዝቃዜና ክብደት ይመጣል። ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ከተማችን ትንፋሽን አስጨንቆ መያዝ ራስ ሊያዞር ስለሚችል፣ ትንፋሽ አቁሙ የሚለውን ትእዛዝ አልከተልም።

አሁን ወደሚያስቸግረኝ ነገር ልምጣ። ትምህርቱ ሥር ቻክራ የደኅንነት፣ የመጠለያ፣ የምግብና የገንዘብ ማዕከል ነው ይላል፤ የሚሰጋ ሰው ማዕከሉ ተዛብቶበታልና ሚዛኑን ያስተካክል ዘንድ ይመክራል። እኔ ግን ስጋት ሁሉ የሚዛን መዛባት ነው ብዬ አልቀበልም። ወንድሜ በሚመላለስበት መንገድ ላይ ሰው ሲታገት እየሰማሁ ባልሰጋ ነበር የተዛባሁት። የቤት ኪራይ ሲጨመር መጨነቄም የሒሳብ እንጂ የኃይል ማዕከል ጉዳይ አይደለም፤ በቀይ ቀለም ባሰላስል ኪራዩ አይቀንስም። መቆሙና መተንፈሱ ያደረገልኝ ሌላ ነው፤ አከራዬን ላነጋግር ስሄድ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፣ የምችለውንና የማልችለውን በቁጥር ነገርኋቸው፣ እሳቸውም የጭማሪውን ጊዜ ገፉልኝ። ወንድሜንም አሁን በየሰዓቱ አልደውልለትም፤ መነሻውንና መድረሻውን ብቻ እንዲነግረኝ ተስማምተናል። ስጋቱ አለ፤ እግሬን ግን አይወስድብኝም። ይህን ሳስብ በፋሲል መዋኛ ዙሪያ ያሉት ዛፎች ትዝ ይሉኛል። ሥሮቻቸው በግንቡ ላይ ወርደው ድንጋዩን ያቀፉበት ሁኔታ ጎብኚን ሁሉ ፎቶ ያስነሣል፤ ቀረብ ብሎ ላየው ግን ያው ሥር በአንድ በኩል ድንጋዩን እየፈለቀቀ በሌላ በኩል እንዳይወድቅ ይዞታል። የእኔም መሠረት እንዲህ ያለ ይመስለኛል፤ ከዚህ ከተማ፣ ከቤተሰቤና ከቤቴ ጋር የተሳሰርሁበት ነገር የሚያሰጋኝም የሚያቆመኝም እርሱ ራሱ ነው፤ አንዱን ነቅሎ ሌላውን ማስቀረት አይቻልም።

የእምነቱን ጥያቄ ለንስሐ አባቴ አቅርቤዋለሁ። የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር፤ አልተቆጡም፣ ግን አላለሳለሱልኝምም። «ልጄ፣ መሬት መርገጥና መተንፈስ ፈጣሪ የሰጠሽ ነው፤ የማታውቂውን ስም መጥራት፣ ያንን እባብ የተባለውን መቀስቀስ ግን ያንቺ መንገድ አይደለም፤ ደግሞ ስግደቱን ምን ነካሽ?» አሉኝ። የመጨረሻው ጥያቄ ሳልዘጋጅበት መጣብኝ። ዝቅ ብሎ በግንባር መሬት ነክቶ መነሣት፣ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጫማ ማውለቅ፣ በመቋሚያ ተደግፎ ሰዓታትን መቆም፣ ይህ ሁሉ አካልን ከመሬት ጋር የሚያገናኝ ሥርዓት ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ ወደ ጣሪያው መላእክት ቀና የሚል ሰው ሁሉ በባዶ እግሩ ቆሞ ነው የሚያያቸው። ሁለቱ አንድ ናቸው አልልም፤ ስግደት ለአምላክ የሚቀርብ አምልኮ እንጂ ለራስ መረጋጋት የሚወሰድ መድኃኒት አይደለም፣ ዮጋውም ከራሱ ሃይማኖታዊ አመጣጥ ተነቅሎ ስፖርት ብቻ ነው ቢባል ባለቤቶቹን ማቃለል ነው። የንስሐ አባቴን ድንበር የተቀበልሁት ለዚህ ነው፤ ለሎተሱም ለእባቡም አክብሮት አለኝ፣ የእኔ ግን አይደሉም።

ስለዚህ አሁን ጠዋት የምቆመው ለሰውነቴ ነው፣ ማታ የምሰግደው ለጸሎቴ ነው። ከትንሣኤ እስከ በዓለ ሃምሳ ስግደት ስለሌለ በእነዚያ ሳምንታት የሚቀረኝ ጠዋት መቆሙ ብቻ ነው። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ቁጢጥ ማለቱን ትታ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ሁለት እግሯን መሬት ላይ አሳርፋ አብራኝ ትተነፍሳለች፤ ብዙ ጊዜ ግን ሳንጨርስ ጀበናው ይገነፍልና ትነሣለች። እህቴ ደግሞ ከሳቁ ቀጥሎ እንቅልፍ እንደማይወስዳት፣ ምግብም እንዳስጠላት ነገረችኝ፤ እኔ እንዳደርገው ቁሚና ተንፍሺ አላልኋትም። እንዲህ ያለው ነገር ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ በባለሙያ መታየት አለበት፤ እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በሆስፒታሉ የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። ሰኞ ጠዋት አብሬያት ልሄድ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄያለሁ።