ጅሬን ላይ ከጠላቂዋ ጋር

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የአክስቴ ልጅ መንገዱን በእንቅልፍ ጨረሰችው። ግቤ ሸለቆ ላይ ስቀሰቅሳት «ወንዙ ነው?» ብላ ተመልሳ አንቀላፋች። ኑሮዋ ፍሎሪዳ ነው፤ በበጎ ፈቃድ ባሕር እየጠለቀች የሰመጡ መርከቦችን ትመዘግባለች። ውኃ አይታ እንዲህ ስትሆን ገረመኝ።

ጅማ ላይ የባጃጁ ልጅ ሥራዋን ሲሰማ «እንግዲያው ቦዬ ልውሰድሽ፣ ጉማሬዎቹ ይቀበሉሻል» አላት። እሷ ግን የመጣችው ለአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ነበር።

ጅሬን ኮረብታ ላይ እንደደረስን ስልኳን አውጥታ ከሁለት ዓመት በፊት እዚያው ያነሳችውን ፎቶ ፈለገች። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ግራ፣ ግማሽ ወደ ኋላ፤ ያው የእንጨት ምሰሶ፣ ያው ማዕዘን። ስንጥቁ አጠገብ እስክሪብቶ ይዛ አነሳችው፤ ለልክ እንዲሆን።

«ባሕር ውስጥም ሥራችን ይኸው ነው» አለችኝ። ሜትር ይዘረጋሉ፤ ውኃ በማይጎዳው ፕላስቲክ ላይ በእርሳስ ይነድፋሉ፤ በዓመቱ ተመልሰው መልሕቅ የሰበረው፣ ሌባ ያነሳው፣ አሸዋ የገለጠው ካለ ያመሳክራሉ። አይነኩም። የዩኔስኮ የ2001 ስምምነትም ቀዳሚው ምርጫ ቅርሱን ባለበት ማቆየት ነው ይላል። እኔ «ለምን አታወጡትም?» ከሚሉት ነበርኩ። የስዊድኗን መርከብ የቫሳን ታሪክ ነገረችኝ፦ በ1628 ሰምጣ በ1961 ስትወጣ እንጨቱ ደርቆ እንዳይኮማተርና እንዳይሰነጠቅ 17 ዓመት ኬሚካል ሲረጩባት ኖሩ።

የምታገለግለው «ዳይቪንግ ዊዝ ኤ ፐርፐዝ» ከተባለ ማኅበር ጋር ነው። ለዓመታት ጌሬሮ የተባለችውን መርከብ ፍርስራሽ ሲፈልጉ ቆይተዋል። ጌሬሮ 561 አፍሪካውያንን በባርነት ጭና ወደ ኩባ ስትሄድ የእንግሊዝ የጦር መርከብ አሳዷት በ1827 ፍሎሪዳ ጠረፍ ላይ ተሰበረች። ከምርኮኞቹ 41ዱ እዚያው ሰመጡ። ይህን ስትነግረኝ ቁልቁል ከተማውን እያየን ነበር። የጥንቱ የሂርማታ ገበያ እዚያ ታች ነው፤ ቡና፣ ማር፣ የዝሆን ጥርስ፣ ሰውም ይሸጥበት ነበር። ከዚህ የተነዱት በሌላ መንገድ፣ በሌላ ባሕር ነው የተሻገሩት። እሷም ዝም አለች፣ እኔም።

በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ጥበቃ ተጠጉን። «ልጄ፣ አንዱን እንጨት ብቻ ምን ታደርጊዋለሽ?»

«ስንጥቁ ሰፍቶ እንደሆነ እያየሁ ነው አባባ።»

አሮጌውን ፎቶ አሳየቻቸው። ስልኩን ራቅ፣ ቀረብ አደረጉት፤ ምሰሶውን በአውራ ጣታቸው ለኩ። ከዚያ «ነይማ» ብለው ወደ ጓሮው ወሰዷት። «ይቺኛዋንስ አይተሻታል?»

ተንበርክካ እስክሪብቶዋን አወጣች።