«እሺ ጋሼ» ያልኩበት ዓርብ

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ ቅርንጫፍ፣ የተሽከርካሪ ውል ክፍል ውስጥ ነው የምሠራው። ነገሩ የሆነው በ2017 ዓ.ም. ነው። ዓርብ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ የሳምንቱን ሪፖርት እየዘጋሁ ሳለ ስልኬ ጠራ። የቆዩ ደንበኛችን ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህር። በስምንት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳን ካሳ ጠይቀውን አያውቁም።

«ልጄ፣ ኮሮላዋን ሸጥኳት እኮ!» አሉኝ። ደስታቸው ከድምፃቸው ያስታውቃል። «ልጆቹ ከውጭ ጨመሩልኝና ኤሌክትሪክ ገዛሁ። ኢንሹራንሱን ወደ አዲሷ አዙሪልኝ።»

«እንኳን ደስ ያለዎት! እሺ ጋሼ። ሰኞ ሊብሬውን ይዘው ብቅ ይበሉ» አልኳቸው። ስልኩን ዘጋሁ። ሪፖርቴን ጨርሼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ከሲኤምሲ ወደ መገናኛ በሚወስደው መንገድ ላይ ፊት ለፊታቸው የነበረ ሚኒባስ ተሳፋሪ ለመጫን ድንገት ቆመ። ከኋላ ገጩት። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። አዲሷ መኪና ግን የፊት መከላከያዋ ተሰነጠቀ፤ የግራ መብራቷ ረገፈ፤ ኮፈኗ ተጣጠፈ።

ሰኞ ጠዋት ገና ቢሮው እንደተከፈተ ጠረጴዛዬ ጋ መጡ። በአንድ እጃቸው ሊብሬውን፣ በሌላው ፕላስቲክ ውስጥ ያስቀመጡትን ፖሊሲ፣ ማለትም የኢንሹራንስ ውላቸውን ይዘዋል። ምንም አልተጨነቁም። ሚኒባሱን ለሚነዳው ልጅም «አይዞህ፣ ኢንሹራንስ አለኝ» ብለውት እንደመጡ ነገሩኝ።

ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘረጋሁ። ፖሊሲው ላይ የሰሌዳ ቁጥር፣ የሞተር ቁጥር፣ የሻንሲ ቁጥር፣ የተሠራችበት ዘመንና ዋጋዋ አለ። ሁሉም የኮሮላዋ ነው። በጣቴ የሻንሲውን ቁጥር ተከትዬ ወደ ሊብሬው ስሻገር አንድም የሚገናኝ ነገር የለም። እንደማይገናኝ አስቀድሜ አውቃለሁ። ጣቴን ያንቀሳቀስኩት የምናገረው ስለጠፋኝ ነው።

«ጋሼ፣ ይኼ ውል የኮሮላዋ ነው።»

«አውቃለሁ እንጂ። ዓርብ ወደ አዲሷ አዙሪ ብዬሽ እሺ አላልሽኝም?»

ብያለሁ። እኔ እሺ ስል ሰምቻለሁ፣ ሲመጡ እንጨርሰዋለን ማለቴ ነበር። እሳቸው የሰሙት ደግሞ ጉዳዩ አልቋል የሚለውን ነው። በቋንቋችን ሁለቱም እሺ ነው። ሲያምኑኝ አልተሳሳቱም። ስምንት ዓመት ሙሉ እሺ ካልኳቸው የቀረ ነገር አልነበረም።

ብዙ ደንበኞቻችን ኢንሹራንስ የሰውዬው ይመስላቸዋል፤ ልክ እንደ መንጃ ፈቃድ። አይደለም። ሙሉ ሽፋን የሚገባው ለአንዲት መኪና ነው፤ በሻንሲ ቁጥሯ የምትታወቅ አንዲት መኪና። መኪና ሲቀየር ውሉ ላይ የማሻሻያ ጽሑፍ ይወጣል፤ እኛ ኢንዶርስመንት እንለዋለን። በእሱ ላይ የአሮጌዋ ዝርዝር ወጥቶ የአዲሷ ይገባል፣ ዋጋዋ ይስተካከላል፣ የአረቦን (ደንበኛው ለኢንሹራንሱ የሚከፍለው) ልዩነት ይከፈላል። ያ ወረቀት እስኪወጣ ድረስ አዲሷ መኪና እኛ ዘንድ የለችም። በዚያች እሑድ የእሳቸው ፖሊሲ ማንንም አልሸፈነም ማለት ይቻላል። ኮሮላዋ ተሸጣለች፤ አዲሷ አልገባችም።

አንድ ነገር አተረፋቸው። አስመጪው መኪናዋን ሰሌዳ ሲያወጣላት በአዋጅ 799/2005 ግዴታ የሆነውን የሦስተኛ ወገን መድን ገዝቶላት ነበር፤ ስቲከሩ መስታወቷ ላይ አለ። የሚኒባሱ ጉዳት በዚያ ተስተናገደ። ነገር ግን ሦስተኛ ወገን ሌላው ላይ የደረሰውን እንጂ የራስን መኪና አያሠራም።

ለአለቃዬ የስልኩን ንግግር ሳልደብቅ ነገርኩት። ለካሳ ክፍሉም በጽሑፍ አስረዳሁ። ውሉ ግልጽ ነው፤ ጥያቄው ውድቅ ሆነ። ደብዳቤውን ራሴ ሰጠኋቸው። መብራቱ፣ መከላከያውና ከመከላከያው ጀርባ ያለችው ሴንሰር ከነእጅ ዋጋው 186,000 ብር ወጣ። የጡረታ ደሞዝ ላለው ሰው ይኼ ምን ያህል እንደሆነ ማስላት አያስፈልግም።

እስካሁን የሚከነክነኝ ዓርብ ዕለት ማድረግ እችል የነበረው ነገር ነው። ቢሮው አልተዘጋም ነበር። የሊብሬዋን ፎቶ በቴሌግራም እንዲልኩልኝ ብጠይቃቸው፣ የአረቦኑን ልዩነት በሞባይል ባንኪንግ ቢያስገቡ፣ ጊዜያዊ የሽፋን ማረጋገጫ ማውጣት ሩብ ሰዓት አይፈጅም። የመኪናዋን ምርመራ ሰኞ እናደርሰዋለን። አላሰብኩበትም። ሐሳቤ ሪፖርቱ ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አነጋገሬን ቀየርኩ። መኪና ቀየርኩ ብሎ የሚደውል ሰው ሲኖር ከእንኳን ደስ አለዎት ቀጥሎ የምለው «አዲሷ መኪና እስካሁን አልተሸፈነችም» የሚለውን ነው። ደስታቸው ላይ ውኃ እንደመቸለስ ነው፤ ግድ የለም። ከዚያ ሊብሬውን አስልካለሁ። የቻልኩትን ያህል መኪናዋን ከሻጩ ግቢ ሳያወጡ እንዲደውሉ እመክራለሁ።

ዋጋውንም አጥብቄ እጠይቃለሁ። የእኚህ ሰው ኮሮላ የተመዘገበችው በ1.2 ሚሊዮን ብር ነበር፤ ኤሌክትሪኳ ደግሞ 3.1 ሚሊዮን ተገዝታለች። ሻንሲው ብቻ ተቀይሮ ዋጋው ባለበት ቢቀር ሌላ ጣጣ ይመጣ ነበር። 3 ሚሊዮን የምታወጣን መኪና በ1.5 ሚሊዮን ያስገባ ሰው ግማሹን ኪሳራ በራሱ ትከሻ ይዟል ማለት ነው። የ200,000 ብር ጉዳት ቢደርስበት የሚከፈለው 100,000 ነው፤ ከዚያም ላይ ተቀናሹ፣ ማለትም ደንበኛው ራሱ የሚችለው ድርሻ ይነሳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ መኪናቸውን ያልቀየሩ ሰዎች እንኳን በዚህ ተይዘዋል። መኪናዋ ያችው ናት፤ ዋጋዋ ግን ፖሊሲው ላይ የተጻፈው አይደለም።

አንዳንዶች «የድሮውን ሰርዢልኝና አዲስ እገባለሁ» ይላሉ። በዓመቱ መሐል ደንበኛው ራሱ ሲሰርዝ ተመላሹ በቀረው ቀን ልክ አይሰላም፤ ያነሰ ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ማዛወሩ ያዋጣል። ካሳ ባለመጠየቅ የተጠራቀመ ቅናሽ ካለም አብሮ እንዲሻገር መጠየቅ ነው። ኩባንያ የሚቀይር ሰው ከነበረበት ቦታ የዚያን ማረጋገጫ ደብዳቤ ይዞ ይውጣ።

የተሸጠችውንም መኪና መርሳት አይገባም። በውክልና ብቻ ሸጦ ስሙን ሳያዛውር የሚቀመጥ ሰው ብዙ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን መኪና ለምታደርሰው ጉዳት የሚጠየቀው ባለቤቷ ነው፤ ሊብሬው ላይ ደግሞ ያለው የሻጩ ስም ነው። እኚህ ሰው በዚህ በኩል ጠንቃቃ ነበሩ፤ ዝውውሩን በዚያው ሳምንት ጨርሰውታል።

ካሳው ከተከለከሉ በኋላ ይመለሳሉ ብዬ አልጠበቅሁም። መኪናዋ ከጋራዥ ከመውጣቷ በፊት ግን ሊብሬውን ይዘው መጡ። ሌላ ሰው ጋ አልሄዱም፤ እኔው ጋ ተቀመጡ። ልዩነቱን ከፍለው ደረሰኙን ሰጡኝ። ማሻሻያውን አትሜ አቀበልኳቸው።

መነጽራቸውን አደረጉ። ሊብሬውን ከጎኑ አስቀምጠው የሻንሲውን ቁጥር ፊደል በፊደል፣ አኃዝ በአኃዝ ድምፅ አውጥተው ማንበብ ጀመሩ። አሥራ ሰባት ነው። አሥራ አራተኛው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ልጄ፣ እዚህ ጋ 3 ነው የሚለው። አንቺ 8 አድርገሽዋል።»

አየሁት። ልክ ናቸው። አስተካክዬ እንደገና አተምኩ፤ እሳቸውም ከመጀመሪያው ፊደል ጀምረው ደግመው አነበቡት።