ወገቤን ያመኛል ብዬ ገባሁ

ዛሬ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ለመሄድ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ታክሲ ውስጥ የምናገረውን በልቤ ሳጠና ነበር። ስገባ ግን ከአፌ የወጣው ሌላ ነው። «ወገቤን ያመኛል ዶክተር» አልኩት። ታናሽ ወንድሜን የሚያህል ልጅ ነው። ወገቤን ነካ ነካ አደረገና ስንት እንደወለድኩ ጠየቀኝ። ሦስት አልኩት፤ ሁሉንም በምጥ፣ የመጨረሻው 4 ኪሎ ከ200። ከዚያ እየጻፈ፣ ቀና ሳይል፣ «ሲያስልዎት ወይም ሲስቁ ሽንት ያመልጥዎታል?» አለኝ። ልክ «ትኩሳት አለዎት?» እንደሚባለው።

የነጠላዬን ጥለት በጣቴ ስጠቀልል እንደቆየሁ ያወቅኩት ያኔ ነው።

«ያመልጠኛል።»

ይቺን አንዲት ቃል ለማንም ብያት አላውቅም። ለሞዴስ የምሄድበትን ሱቅ እንኳን ቀያይሬያለሁ። ዘንድሮ በሰሙነ ሕማማት ጉልበቴን አሞኛል ብዬ ከስግደት ቀረሁ። ጉልበቴ ደህና ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ ይሄንን ግን በሽታ ነው ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ብዙ ነው። የሚያመልጠኝ ስነሳና ዕቃ ሳነሳ ነው ወይስ ድንገት አጣድፎኝ በሩ ጋ ሳልደርስ? ሌሊት ስንት ጊዜ እነሳለሁ? ያቃጥለኛል? ሆድ ድርቀትስ? ኢንፌክሽንና ስኳር እንዳይሆን ብሎ ሽንት አስመረመረኝ።

«ፌስቱላ ይሆን እንዴ?» አልኩት፣ ድምፄን ቀንሼ። አይደለም አለኝ። ፌስቱላ ብዙውን ጊዜ ምጥ ሲራዘም የሚመጣ ቀዳዳ ነው፤ ሽንቱ ቀን ከሌት ይፈሳል። የእኔ ፊኛዬን ደግፎ የሚይዘው ጡንቻ በወሊድ ላልቶ ነው። ስለ ሽንት በአደባባይ ሲወራ የሰማነው በፌስቱላ ብቻ ነው። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው በ1959 እ.ኤ.አ. መጥተው፣ በኋላ ለእነዚያ እናቶች ሆስፒታል ስላቋቋሙ ሕመሙ በስሙ ታወቀ። የእኔ ዓይነቱ ግን «የወለደች ሴት ነገር» ተብሎ ይታለፋል። ይሄ ያናድደኛል። ስንቷ ሴት ናት እንዲሁ ተሸፋፍና የምትኖረው!

ስፖርት አዘዘልኝ። ሽንትና አየር እንዳያመልጥ የሚይዘውን ጡንቻ ወደ ውስጥ ሰብሰብ አድርጎ ትንሽ ማቆየት፣ ከዚያ መልቀቅ። 8 ጊዜ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ቢያንስ ለሦስት ወር። እየሸኑ መለማመድ ግን ጥሩ አይደለም። ካልተሻለኝ ፊዚዮቴራፒም ኦፕራሲዮንም አለ አለኝ። ቡና ቀንሺ ተባልኩ፤ በረካውን ብተወው ይሻላል። ውሃ ግን መቀነስ የለብኝም። እኔ እኮ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ከማታ ጀምሬ ጠብታ አልቀምስም ነበር! ሽንቱ ሲወፍር ፊኛን ይቆጠቁጣል አለኝ፤ ለካ በራሴ ላይ ስሠራ ነው የኖርኩት።

የሦስት ቀን መዝገብም ያዥ ብሎኛል። ከልጄ ያለቀ ደብተር ላይ ጀመርኩ። «10:00፣ ውሃ አንድ ብርጭቆ። 10:40፣ ሳስነጥስ፣ ትንሽ።»

ማታ ባለቤቴ «ወገብሽን ምን አሉሽ?» አለኝ።

«ወገቤ ደህና ነው» አልኩት። «ሽንት ነው የሚያመልጠኝ።»

የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰና አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ።