ጄኔሬተሩ ስንት ኪሎ ሜትር ሄደ?

ስምሪት ክፍል ስድስተኛ ዓመቴ ነበር። በእጄ ላይ ዘጠኝ መኪና አለ። ሊብሬው፣ ቦሎው፣ ኢንሹራንሱ፣ ጎማው፣ ነዳጁ፣ ሰርቪሱ፣ ሁሉም በኔ ኤክሴል ውስጥ ነው ያለው። በሰርቪሱ ገጽ በተለይ እኮራ ነበር። ዘይት የተቀየረበት ኪሎ ሜትር በሰማያዊ፣ ቀጣዩ በቀይ፣ ልዩነቱ 5,000። አንድ መኪና 500 ሲቀረው ሳጥኑ ራሱ ቢጫ ይሆናል፣ እኔም ስልኬን አነሳለሁ። አለቃዬ እንግዳ ሲመጣ "ሲስተማችንን አሳያቸው እንጂ" ይሉኛል... ይቅርታ፣ "አሳያቸው" የሚሉት አይቲውን ልጅ ነው፣ ሠሪዋ እኔ ነኝ።

ያቺን ፒካፕ የገደልኳት በዚሁ ሲስተም ነው።

ናፍጣ ናት፣ ደብል ጋቢና፣ ከመኪኖቻችን አንጋፋዋ። ሠመራ ለሦስት ወር መስክ ስትመደብ ከመውጣቷ በፊት ዘይትና ፊልትሮ አስቀየርኩላት። ኪሎ ሜትሯ 142,300 ነበር። ቀጣዩ 147,300 ብዬ ጻፍኩና ሸኘኋት። ሾፌሩ ጋሼ ናቸው። ስም አላቸው፣ ግን እኛ ግቢ ውስጥ "ጋሼ" ብላችሁ ብትጣሩ ከሳቸው ሌላ ዞር የሚል የለም።

ሠመራን የሚያውቅ ያውቃታል። ከሰዓት በኋላ አየሩ ከምጣድ ላይ እንደሚነሳ እንፋሎት ፊት ይመታል። ባለሙያዎቹ ቀበሌ ለቀበሌ እየዞሩ ሰው ሲያነጋግሩ ጋሼ መኪናው ውስጥ ኤሲ ከፍተው ይጠብቃሉ፣ ማን ይፈርድባቸዋል? በዚያ ላይ መብራት በሌለበት ቀበሌ የልጆቹ ላፕቶፕና ታብሌት ቻርጅ የሚደረገው ከመኪናዋ ነው። አንዳንድ ቀን አራት ሰዓት፣ አንዳንድ ቀን ስድስት ሰዓት፣ ሞተሩ ሳይጠፋ ቆሞ ይሠራል። ይሄን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው። እኔጋ በየሳምንቱ የሚደርሰው ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር፤ እሱም 200፣ ቢበዛ 250። እንዲያውም "ይቺ መኪና አረፈች" ብዬ ተደስቻለሁ።

አንድ ቀን ጋሼ ደወሉ።

"ልጄ፣ ይሄ ዘይት ጠቁሯል።"

"የናፍጣ ዘይት እኮ በተቀየረ ማግስትም ይጠቁራል ጋሼ።"

ያልኩት ውሸት አይደለም። የናፍጣ ሞተር ጥላሸት አለው፣ ዘይቱ ደግሞ ያንን ጥላሸት ይዞ እንዲያቆየው ነው የተሠራው። ስለዚህ በመጥቆሩ ብቻ አለቀለት አይባልም፣ ሥራውን እየሠራም ይሆናል። የጎዳኝ ትክክል መሆኔ ነው። መልሱን ስለማውቀው ሌላ ጥያቄ አልጠየቅኩም። ወፍሯል ወይ? መለኪያው ላይ እስከየት ይደርሳል? ጨመሩበት ወይ? ምንም። አመስግኜ ስልኩን ዘጋሁ።

ሥራው አልቆ ሲመለሱ፣ ገዋኔን እንዳለፉ እንደገና ደወሉ።

"የዘይቷ መብራት በራ ጠፋ፣ በራ ጠፋ ትላለች።"

ኤክሴሌን ከፈትኩ። የደረሱበት ኪሎ ሜትር 146,000 ነው። ቢጫ እንኳን አልሆነም። "ገና 1,300 ይቀረዋል ጋሼ፣ ሴንሰር ይሆናል። ቀስ እያሉ አዋሽ ይድረሱና እዚያ ያሳዩት" አልኳቸው። በጣም ረጋ ባለ ድምፅ ነው ያልኩት፣ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ለማያውቅ ሰው ልንገር፣ እኔም ሥራው ላይ ስድስት ዓመት ቆይቼ ነው ያወቅኩት፦ ቀዩ የዘይት መብራት ስለ ሰርቪስ ቀን አያገባውም። የሚናገረው ስለ ግፊት ነው። ግፊት ከሌለ ዘይቱ የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ክራንክሻፍቱ ጋ አይደርስም፣ ብረት ብረትን ይፍቃል ማለት ነው። ጥግ ይዞ ወዲያው ሞተር ማጥፋት ነው እንጂ "ቀስ እያሉ መድረስ" የሚባል ነገር የለም። አዋሽ ሰባት ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ሞተሩ ከውስጥ መዶሻ እንደያዘ ሰው ይመታ ጀመር። ከዚያ ዝም አለ። አዲስ አበባ የገባችው አይሱዙ ላይ ተጭና ነው።

ጋራዥ ሄድኩ። መካኒኩ ከሥር ያለውን ብሎን ፈታ። ወደ 7 ሊትር ከሚይዝ ሞተር ሁለት ሊትር የማይሞላ ነገር ወጣ፤ ወጣ ከተባለ ነው፣ ሬንጅ ነበር የሚመስለው። የዘይቱ ገንዳ ሲወርድ ፓምፑ የሚስብበት ወንፊት በዝቃጭ ተደፍኗል። ብሮንዚኖቹ፣ ማለትም ዘንጉ የሚሽከረከርባቸው ስስ ብረቶች፣ ተበልተዋል፣ ክራንክሻፍቱ ተጭሯል። እኔ ደግሞ የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ስልኬ ላይ ኤክሴሌን ከፍቼ አሳየሁት። "የተቀየረው በ142,300 ነው፣ የሄደው 3,700 ብቻ ነው።"

እጁን በጨርቅ እየጠረገ አየኝ።

"እህቴ፣ መሥሪያ ቤታችሁ ጄኔሬተር አለው?"

"አለው።"

"ዘይቱን መቼ ነው የምትቀይሩት?"

"በየ250 ሰዓቱ።" ይሄም በኤክሴሌ ውስጥ ነው፣ ሌላ ገጽ ላይ።

"ታዲያ ጄኔሬተሩ ስንት ኪሎ ሜትር ሄዶ ነው?"

ሁለቱ ረዳቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፣ ግን ፊቴ ሲግል ይሰማኛል።

ማታ ቤት ገብቼ አሰላሁት። የሄደችውን 3,700 ኪሎ ሜትር በአማካይ በሰዓት 40 ነዱ ብንል 92 ሰዓት ገደማ ነው። ቆማ የሠራችው ደግሞ 65 የሥራ ቀን፣ በቀን አምስት ሰዓት፣ 325። ሲደመር ከ400 ሰዓት በላይ። ጄኔሬተሩን በ250 የምቀይር ሰው፣ ይቺን በ400 "ገና ነው" ብያታለሁ። ያውም ቆሞ የሚሠራ ሞተር ሰዓት ከሚሄድ ሞተር ሰዓት ይከፋል፤ መካኒኩ እንዳስረዳኝ ናፍጣ ሞተር ያለ ሸክም ሲንተከተክ ነዳጁን አሟልቶ አያቃጥልም፣ ያልተቃጠለውና ጥላሸቱ በፋሻዎቹ፣ በፒስተኑ ቀለበቶች፣ መሀል ሾልኮ ዘይቱ ውስጥ ይገባል፣ ዘይቱ ውስጥ ያለው አጣቢ ኬሚካል በዚያ ይደክምና ከዚያ በኋላ ቆሻሻው ዝቃጭ ሆኖ መቀመጥ ይጀምራል። የአፋር አቧራ አለ። ሞተሯም ዕድሜዋ ገፍቶ ትንሽ ትንሽ ዘይት ትበላ ነበር።

ትበላ እንደነበር ደግሞ ማወቅ ነበረብን። የጠዋት መፈተሻ ቅጽ አለን፦ ዘይት፣ ውሃ፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ መብራት። የሦስቱን ወር ቅጽ ከካዝና አወጣሁ። "ዘይት" የሚለው ሳጥን ውስጥ 65 ራይት አለ፣ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ፣ ተዘንብሎ እንኳን በተመሳሳይ መንገድ። ጋሼን ጠየቅኳቸው። አልዋሹም። "ዓርብ ዓርብ ነው የምሞላው ልጄ፣ አንቺም ዓርብ ነው የምትጠይቂኝ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ቅጹን ስቀበል ሳጥኑ መሞላቱን እንጂ መለኪያዋ ዘንግ መውጣቷን አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ዘመድ ወዳጁ ሁሉ "የኔን መኪና በስንት ልቀይር?" ይለኛል፣ ሞተር የገደለ ሰው አዋቂ ይባላል መሰለኝ። የምመልሰው ይሄን ነው። መጀመሪያ ከመኪናው ጋር የመጣውን መጽሐፍ አንብቡ። ተራ ዘይት ከሆነ 5,000፤ ሙሉ ሲንቴቲክ ከሆነና መጽሐፉ ከፈቀደ እስከ 10,000 ይሄዳል። ግን ያው መጽሐፍ "ከባድ ሁኔታ" የሚል ገጽ አለው፣ ሰው ይዘለዋል፤ አቧራ፣ አጭር ጉዞ፣ ቆሞ መሥራት፣ መጨናነቅ ይላል። አዲስ አበባን ነው የጻፉት እንዴ ያሰኛል። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 5,000 ኪሎ ሜትር በአገር አቋራጭ በ70 ብትነዱ 71 ሰዓት ነው። በመገናኛና በቦሌ መጨናነቅ በ15 ብትጎተቱ 333 ሰዓት ይሆናል። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ላይ ግን ሁለቱም 5,000 ነው የሚሉት። ትንሽ የምትነዱም ብትሆኑ ዓመት አታሳልፉት፣ ዘይት ቆሞም ያረጃል። በየ3,000ው የሚቀይሩትንም አውቃለሁ፤ መኪናው ታክሲ ካልሆነ ወይ አሮጌ ካልሆነ ብዙ ጊዜ ገንዘብ ማፍሰስ ነው። ዘይቱን ራሳችሁ ግዙ፣ ሲከፈት እዩ፣ ባዶውን ጀሪካን ደግሞ በሚስማር ብሱት። ለምን እንደሆነ አልነግራችሁም፣ ታውቁታላችሁ።

መሥሪያ ቤት ውስጥ ኤክሴሌ ላይ አንድ ዓምድ ጨመርኩ፦ "ቆሞ የሠራ ሰዓት"። ቅጹ ላይ ራይት ቀረ፤ ሾፌሩ የዘይት መለኪያዋን ፎቶ ጠዋት ጠዋት በቴሌግራም ይልካል። ጋሼ ፎቶ ማንሳት አይወዱም ነበር፣ አሁን ግን የመለኪያዋን ዘንግ ከፀሐይ መውጫ ጋር አሰናስለው ነው የሚያነሱት።

ባለፈው ወር ሌላ መኪና በ2,400 ኪሎ ሜትር ዘይት ይቀየርላት ብዬ ጠየቅኩ። ሰዓቷ 240 ደርሷል። ፋይናንስ ጥያቄውን መለሰው፤ ጥግ ላይ በቀይ "መኪናዋ ሳትሄድ ለምን?" ተብሎ ተጽፎበታል። ምንም አልተከራከርኩም። የጄኔሬተሩን የመጨረሻ የዘይት ደረሰኝ፣ ራሳቸው የፈረሙበትን፣ ኮፒ አድርጌ ከጀርባው አያይዤ መልሼ ላክሁት። ከምሳ በፊት ተፈርሞ መጣ።