ደረሰኞቹን አልጥልም

የእማዬ ኢንሱሊን ዛሬም በጤና መድን ከምንወስድበት ፋርማሲ አልተገኘም። «አልቋል፣ ከውጭ ግዙ» ተባልኩ። የዓመቱን መዋጮ ከፍለናል፣ ካርዱም ታድሷል። ግን ካርድ የሚሠራው መደርደሪያው ላይ መድኃኒት ሲኖር ነው። ሲጠፋ ማዘዣውን ይዞ መዞር ነው። የከተማ አስተዳደሩ ከነማ ፋርማሲ ከተገኘ እሰየው፣ የቀይ መስቀል ፋርማሲም ዋጋው ይሻላል። እነሱም ጋ ከታጣ የግል ፋርማሲ የጠራውን መክፈል ነው።

አንደኛው ፋርማሲ ወረፋ ላይ ከፊቴ አንድ አባት ነበሩ። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት ታዞላቸዋል። ፋርማሲስቷ ደምራ ስትነግራቸው ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ «በይ የስኳሩን ስጪኝ ልጄ፣ የግፊቱን ጡረታዬ ሲገባ እመጣለሁ» አሏት። «አባቴ፣ የሳምንት ያህል እንኳን ልስጥዎት» ብላ ቆርጣ ሰጠቻቸው። ተባረኪ ብያታለሁ በልቤ። ግን ጡረታው በሳምንት ውስጥ የሚገባ አልመሰለኝም፣ ግፊት ደግሞ ጡረታ አይጠብቅም።

እማዬም የራሷ ዘዴ አላት። ብልቃጡ ሊያልቅ ሲል ከታዘዘላት መጠን ትቀንሳለች። ስጠይቃት «ዛሬ ብዙም አልበላሁ» ትላለች። መርፌውን ሳየው ግን 20 ላይ መድረስ የነበረበት 14 ላይ ቆሟል። ሐኪሟ በቀጠሮ ቀን ስኳሯ ለምን ከፍ እንዳለ ሲጠይቃት ምግብ ላይ ታሳብባለች። ልጆቼን አስቸገርኩ ብላ ነው። እዚህ ላይ ነው ሆዴ የሚባባው።

ኢንሱሊን አዲስ ግኝት ቢሆን ምናልባት ውድነቱ ይገባኝ ነበር። ቶሮንቶ ውስጥ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። ያገኙት ሰዎች የፈጠራ መብቱን ለዩኒቨርሲቲው እያንዳንዳቸው በ1 ዶላር ሸጡለት፣ ሁሉም ሰው ጋ እንዲደርስ ብለው። ዛሬ የዓለምን ገበያ በአብዛኛው የያዙት ሦስት ኩባንያዎች ናቸው፦ ኖቮ ኖርዲስክ፣ ኢላይ ሊሊና ሳኖፊ። እኛ ጋ ሲደርስ ደግሞ የምንዛሬው ጣጣ ይጨመርበታል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሬው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ጫማ ሲወደድ በአሮጌው ይከረማል። ኢንሱሊን ግን ተወደደ ተብሎ አይዘለልም።

ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ነገሩ መፍትሔ ያለው መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ለአንድ ሰው በዓመት ከ10,000 ዶላር በላይ ያስወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ሲፕላ የተባለው የሕንድ ኩባንያ በዓመት በ350 ዶላር አቀርባለሁ ብሎ ተነሳ። ከዚያ በኋላ ዋጋው እየወረደ ሄደ። ኤች አይ ቪን ለመከላከል የተቋቋሙት የዓለም አቀፉ ግሎባል ፈንድና የአሜሪካ መንግሥት ፔፕፋር ገንዘብ ተጨመረና በ1997 ዓ.ም. መድኃኒቱ በአገራችን በነፃ መሰጠት ጀመረ። ያኔ አልቆላታል የተባለች ጎረቤታችን ዛሬ የልጅ ልጅ አቅፋለች። መድኃኒቷን ለመውሰድ ስትሄድ ቦርሳዋን አትከፍትም።

ስኳርም እንደዚያው የዕድሜ ልክ ነው። የዓለም ገንዘብ ግን በብዛት የሄደው ለሚተላለፉት በሽታዎች ነው። ስኳርና ግፊት ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ኪስ ተተዉ። እኔ በበኩሌ ኢንሱሊን በነፃ መሰጠት አለበት ባይ ነኝ። እሱ ዛሬ አይሆንም ከተባለ ደግሞ ቢያንስ ከመንግሥት መደርደሪያ አይጥፋ። እዚያ እስካለ ድረስ መድኑ ይሸፍነዋል፣ እማዬም መርፌዋ ላይ አትቆጥብም።

ለጊዜው የስኳር ታማሚ ያለብን የሰፈር ሰዎች በስልክ እንጠራራለን። የትኛው ፋርማሲ እንደገባ፣ በስንት እንደሆነ እንነጋገራለን። መድኑ ሊሸፍነው ሲገባ ከውጭ የገዛንባቸውን ደረሰኞችም እየሰበሰብን ነው። ሰኞ ጠዋት ማመልከቻ ጽፈን ወደ ወረዳው እንሄዳለን። ጥያቄያችን ሁለት ነው፦ ያወጣነው ይመለስልን፣ ኢንሱሊን ሲያልቅም መድኑ ከሌላ ፋርማሲ ይግዛልን። ምን እንዳሉን እጽፋለሁ።