ምግብ አብሳዩ ዱር ሲገባ

ሐሙስ ማታ

ጎርደን ራምዚ እ.ኤ.አ. በ2019 በናሽናል ጂኦግራፊክ የጀመረው የጉዞ ዝግጅት ሰሞኑን ከሐሳቤ አልወጣ ብሏል። ስኮትላንድ ተወልዶ በለንደን ስሙን የተከለው ይህ ሼፍ በመጀመሪያው ዙር ፔሩ፣ ኒውዚላንድ፣ ሞሮኮ፣ ሐዋይ፣ ላኦስና አላስካ ዘልቋል። ከአገሬው ሰው ጋር ገደል ይወርዳል፣ ባሕር ይጠልቃል፣ የሚበላ ይለቅማል፤ በመጨረሻም ደጅ ላይ እሳት አንድዶ ላስተማሩት ሰዎች ያበስላል። ካሜራውና የደኅንነት ሠራተኞቹ ባይኖሩ ከሙያው የትኛው ያድነዋል? የትኛውስ ይገድለዋል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን ስለ ምግብ ብዙ ነገር ያሳያል።

ቴሌቪዥን ምግብን ያስቀድማል። ዱር ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል። የሕይወት አድን አሠልጣኞች የሚጠቀሙበት ግምታዊ ልክ አለ፦ ያለ አየር 3 ደቂቃ፣ በክፉ ብርድ ወይም ሐሩር ያለ መጠለያ 3 ሰዓት፣ ያለ ውሃ 3 ቀን፣ ያለ ምግብ 3 ሳምንት። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ሥራ መጠለያ ነው። ነፋሱን ከልሎ መሬቱን የረሳ ሰው ሲንቀጠቀጥ ያድራል፤ ደረቁ ቅጠል ወይም ሣር ተኝተውበት ሲጫን እንኳ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል መቅረት አለበት፤ ይህ ማለት ሲነጠፍ የዚያን ሦስት እጥፍ ነው። ውሃ ሳይገኝ ሥጋ መብላት ደግሞ ራስን መጉዳት ነው፤ ሰውነት ፕሮቲን ሲጠቀም የሚፈጠረውን ዩሪያ ለማስወገድ ኩላሊት ውሃ ይፈልጋል። ውሃ የሌለው ሰው ጾሙን ቢውል ይሻለዋል።

አብሳይ እሳት ያውቃል እንላለን። የሚያውቀው ግን የነደደውን እሳት ነው። ፍም መቼ ለጥብስ እንደሚደርስ፣ ነበልባል መቼ ሥጋውን እንደሚያጠቁረው ከማንም በላይ ያውቃል፤ ከምንም ተነሥቶ እሳት ማውጣት ግን ሌላ ሙያ ነው።

በቀስትና በእንዝርት፣ ማለትም እንዝርቱን በቀስት ጠፍር እያሽከረከሩ ሰሌዳ ላይ በመፈተግ የሚወጣውን እሳት ልውሰድ። የታችኛው ሰሌዳ ደረቅ፣ ሙጫ የሌለውና ለስላሳ እንጨት መሆን አለበት፤ አኻያ ጥሩ ነው። መለኪያው ጥፍር ነው፦ ሲጫኑት ምልክት ከተቀበለ ይሆናል፤ ካልተቀበለ ጠንካራ ነው፤ ከተፈረፈረ በስብሷል። ውፍረቱ 1.5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ቢሆን ይበቃል። እንዝርቱ ቀጥ ያለ፣ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው። ቀስቱ ክንድ የሚያህል ጥቂት የጎበጠ እንጨት ሲሆን ጠፍሩ እንዝርቱን አንድ ጊዜ ጠምጥሞ አጥብቆ መያዝ አለበት። ከላይ እንዝርቱን የሚጫነው ጎድጎድ ያለ ድንጋይ ወይም አጥንት ነው፤ እዚያ ጋ ብቻ ስብ ወይም ርጥብ ቅጠል ይቀባል። ያ ስብ ወደ ታችኛው ጫፍ ከነካ ፍትጊያው ይጠፋል፤ ሁለቱን ጫፎች ማቀያየር ጀማሪን ከሚያደክሙት ስሕተቶች አንዱ ነው።

መጀመሪያ ሰሌዳው ላይ ለእንዝርቱ ትንሽ ጉድጓድ አበጅቶ፣ ጥቂት አዙሮ ማጥቆር፤ ከዚያ ከሰሌዳው ጠርዝ እስከ ጉድጓዱ መካከል ሊደርስ ጥቂት እስኪቀረው፣ የክቡን አንድ ስምንተኛ የሚያህል ሽብልቅ ቆርጦ ማውጣት። ይህ ቁርጥ ከሌለ ብናኙ የሚጠራቀምበት ቦታ አያገኝም፤ ሳይጠራቀም ደግሞ ፍም አይሆንም። ከሥሩ ብናኙን የሚቀበል ደረቅ ቅርፊት ይቀመጣል። እግር ሰሌዳውን ይረግጣል፣ ድንጋዩን የያዘው እጅ አንጓው ቅልጥም ላይ ይደገፋል። እንዝርቱ እየዘለለ የሚያስቸግረው አብዛኛውን ጊዜ ይህ እጅ ሳይደገፍ ሲወዛወዝ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ብናኙ ይናገራል። ቡናማና ሻካራ ከሆነ ገና አልጋለም። የእንዝርቱ ጫፍ አብረቅርቆ ጢው ጢው ካለ እየፈተገ ሳይሆን እየተንሸራተተ ነው፤ ጫፉን ፋቅ አድርጎ ወይም ቁንጥር አሸዋ ጨምሮ ጫናውን ማብዛት ያስፈልጋል። ጥቁርና ደቃቅ ብናኝ ከመጣ ሥራው ሠምሯል ማለት ነው። መጀመሪያ ረጅምና ዘገምተኛ ምት፣ ጭሱ ሲበረታ ጫናና ፍጥነት። ቆመው እንኳ ጭሱ ከብናኙ ውስጥ በራሱ መውጣቱን ከቀጠለ ፍም ተወልዷል። እዚህ ላይ የሚቸኩል ሰው ያጠፋዋል፤ ግማሽ ደቂቃ ያህል ተወት አድርጎ በእጅ ማራገብ፣ ከዚያ በደንብ ታሽቶ ጭረት ጭረት በወጣ ደረቅ ሣር ወይም የቅርፊት ቃጫ ውስጥ ማስገባት፣ ከሥር ወደ ላይ ረጅምና ለስላሳ እስትንፋስ መስጠት። ሣሩ ከልክ በላይ ከተጨመቀ አየር ያጣል፤ ከላላ ደግሞ ፍሙን አይነካውም።

የእሳት ብረት፣ ሲፋቅ ፍንጣሪ የሚያወጣውን ዘንግ፣ የያዘ ሰው ሥራው ይቀልለታል። ጥቁሩን ሽፋን አስቀድሞ መፋቅ፤ የቢላዋውን ጀርባ በቦታው አጽንቶ ብረቱን ወደ ኋላ መሳብ። ቢላዋውን ወደፊት የሚገፋ ሰው የሰበሰበውን ጭድ ይበትነዋል።

በዚህ ነገር አገራችን ያላት እውቀት ብዙ ጊዜ አይነሣም። ማታ ፍሙን ሰብስቦ በአመድ መዳፈን፣ ጠዋት ገልጦ በጭራሮ ማቀጣጠል፣ ከጠፋም ከጎረቤት መጫር፤ ይህ በየጎጆው የኖረ ሙያ ለማንኛውም የዱር ሥልጠና ይበቃል። ከጠንካራ እንጨት የወጣ ፍም ብቻ ነው ሌሊቱን የሚዘልቀው፤ ጭራሮና ቅጠል ተዳፍኖም አመድ ሆኖ ያድራል። አንዴ የወጣ እሳት እንዳይጠፋ መጠበቅ ዳግም ከማውጣት እጅግ ያነሰ ጉልበት ይጠይቃል።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ነገር ልምጣ። የአብሳይ ዋና መሣሪያው ምላሱ ነው፤ በዱር ግን ያ ልማድ አደገኛ ነው። አማኒታ ፋሎይደስ የተባለውን እንጉዳይ በልተው የተረፉ ሰዎች ጣዕሙ ጥሩ እንደ ነበር ይናገራሉ። ማስመለሱና ተቅማጡ የሚጀምረው ከ6 እስከ 12 ሰዓት አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው፤ ከዚያ በሽተኛው የተሻለው ይመስላል፤ በዚያው ጊዜ ጉበቱ እየጠፋ ነው። መቀቀልም ማድረቅም መርዙን አያጠፋውም። ኮኒየም ማኩላቱም፣ ሶቅራጥስ ጠጣው የሚባለው ተክል፣ ቅጠሉ ከካሮትና ከፓርስሊ ጋር ይመሳሰላል፤ የሚለየው ፀጉር በሌለው ግንዱ ላይ ባለው ሐምራዊ ዥንጉርጉር ነው። የኛው ጓያ ከሁሉ የበለጠ ያሳምመኛል። ሽሮው ይጣፍጣል፣ ድርቅ ይቋቋማል፣ ሌላው እህል ሲከዳ እሱ ይቀራል፤ ነገር ግን ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ እግር ያሽመደምዳል፣ የሄደውም ጉልበት አይመለስም። ደምቢያና ፎገራ ይህን ያውቁታል። ዘፍዝፎና ቀቅሎ ውሃውን መድፋት መርዙን ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አያወጣውም።

ራምዚ ኒውዚላንድ ላይ የማዖሪን ምግብ ከምታበስለው ሼፍ ሞኒክ ፊሶ ጋር መሥራቱ ትክክል የሚመስለኝ በዚህ ምክንያት ነው። የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት ማዖሪዎች ካራካ የሚባል ዛፍ አላቸው፤ የፍሬው አስኳል ጥሬውን መርዝ ነው። እነሱ ግን በምድር ምድጃ ለረጅም ሰዓት አብስለው፣ ከዚያም በወራጅ ውሃ ዘፍዝፈው ያቆዩትና ይበሉታል። ይህን የትኛውም ብልህ ሼፍ ቀምሶ አይደርስበትም። ትውልድ የከፈለበት እውቀት ነው፤ የሚገኘውም ከባለቤቱ አፍ ብቻ ነው።

ቅጠል መልቀም በካሜራ ያምራል፤ ሆድ ግን አይሞላም። ሳማን ውሰዱ። ለጋ ጫፉ በጓንት ተቀንጥሶ 2 ወይም 3 ደቂቃ ሲፈላ መለብለቡ ይጠፋል፣ ምግቡም መልካም ነው። ሆኖም ከአንድ ኪሎ የሚገኘው 400 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ነው፤ ዱር ውስጥ ቀኑን ሲደክም የሚውል ሰው 3,000 ሊያስፈልገው ይችላል። ያን የሚሞላው ስብ ነው፦ በግራም 9 ኪሎ ካሎሪ፣ የፕሮቲንና የስታርች እጥፍ ይበልጣል። ጥንቸል ብቻ እየበላ የሚኖር ሰው ሆዱ ሞልቶ ይከሳል፤ ተቅማጥ፣ ራስ ምታት፣ የማይጠግብ ረሃብ ይከተለዋል። አሳሹ ቪልያልሙር ስቴፋንሰን እ.ኤ.አ. በ1928 ኒው ዮርክ ቤልቪው ሆስፒታል ውስጥ በሐኪሞች ክትትል ሥር ስብ የሌለው ሥጋ ብቻ ሲሰጠው በጥቂት ቀን ውስጥ ታመመ፤ ስብ ሲጨመርለት ዳነ።

የአብሳይ ሙያ ከፍ ብሎ የሚታየው እዚህ ነው። መቅኒ፣ አንጎል፣ ምላስ፣ የኩላሊት ሞራ፤ ተራው ሰው የሚጥለውን እሱ ያውቅበታል፤ ስቡ ያለውም እዚያው ነው። (ከዚህ ውጭ የሚሆን አለ፦ የዋልታ ድብ ጉበት በቫይታሚን ኤ ብዛት ሰው ይመርዛል።) ሆኖም ሥጋውን እሳት ላይ ሰቅሎ መጥበስ ብክነት ነው። ስቡ ጠብ ጠብ እያለ እሳቱ ውስጥ ይቀራል። ድምፁ ደስ ይላል፣ ለቀረጻም ይመቻል፤ የተራበ ሰው ግን ቀቅሎ መረቁን መጠጣት አለበት። የዱር አሳማና ድብ ከሆነ ውስጡ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት፣ ትሪኪኔላ የተባለ ትል ስለሚይዝ፤ ሮዝ ሆኖ ይቅረብ የሚለው የምግብ ቤት ወግ እዚህ አይሠራም።

ድስት ከሌለ በጋለ ድንጋይ ይፈላል። ቡጢ የሚያህሉ ድንጋዮች ከደረቅ ኮረብታ ይለቀማሉ፤ ከወንዝ የወጣ ድንጋይ ውሃ አምቆ ይዞ እሳት ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል። ለአንድ ሰዓት ያህል ግለው በእንጨት መቆንጠጫ እየተነሡ፣ አመዳቸው ተራግፎ፣ በቆዳ ወይም በተቦረቦረ ግንድ ወዳለ ውሃ ይገባሉ፤ አንዱ ሲበርድ ወጥቶ ሌላው ይተካል። ለመጠጥ የሚሆን ውሃ ከፈላ በኋላ 1 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ደጋ ግን ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ 3 ደቂቃ ይሻላል። ስሜን ተራሮች የሚወጣ ሰው ይህን ልብ ይበል።

የተረፈውን ሥጋ ቋንጣ ማድረግ ነው። ጨው ባይኖርም ይቻላል፤ ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ስስ አድርጎ መዘልዘል፣ ስቡን ለብቻ ማውጣት (ስብ አይደርቅም፣ ይሻግታል)፣ ዝንብ እንዳይደርስበት ከእሳቱ በላይ ጭሱ ውስጥ፣ ዘለላው እርስ በርሱ ሳይነካካ መስቀል። ከሥሩ ያለው እሳት ጭስ ይስጥ እንጂ አያብስል፤ ገና በመጀመሪያው ሰዓት ውጪው ከጠነከረ ውስጡ ርጥብ ሆኖ ይበሰብሳል። የደረሰው ሲያጎብጡት ስንጥቅ ይላል፣ ሁለት ሆኖ ግን አይሰበርም።