ከቃሬዛው እግርጌ እስከ ራስጌ

የአምቡላንስ ሥራ በጀመርኩበት ዕለት የተሰጠኝ ቦታ የቃሬዛው እግርጌ ነበር። ራስጌው የነባሩ ባለሙያ ነው፤ የታካሚውን ፊት የሚያየው፣ አተነፋፈሱን የሚከታተለውና «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብሎ የሚያስነሣው እሱ ነው። እግርጌ የቆመው ሰው ቆጠራውን ሰምቶ እኩል ያነሣል፤ ደረጃ ሲወረድ ደግሞ የኋሊት እየሄደ አብዛኛውን ክብደት ይሸከማል። ከእግርጌ ወደ ራስጌ ለመሻገር አራት ዓመት ያህል ፈጀብኝ። ሥራውን እንዴት እንደሚጀምሩ፣ ከጀመሩ በኋላም እንዴት እንደሚያድጉ የሚጠይቁኝ ወጣቶች እየበዙ ስለመጡ፣ በእነዚያ ዓመታት የተማርኩትንና ዘግይቼ የገባኝን ረጋ ብዬ ልጽፍ ወደድሁ።

አጀማመሩ እንደየአገሩ ይለያያል። በአሜሪካ ቀድሞ ደርሶ ሕይወት ከሚያቆየው ረዳት ተነሥቶ በሁለት የቴክኒሽያን ደረጃዎች በኩል እስከ ፓራሜዲክ፣ ማለትም እስከ ከፍተኛው የአምቡላንስ ባለሙያ፣ የሚዘልቅ አራት እርከን አለ፤ የመጀመሪያው ቴክኒሽያን ሥልጠና በጥቂት ወራት ሊጠናቀቅ ሲችል፣ የፓራሜዲኩ ግን በክፍል፣ በሆስፒታልና በአምቡላንስ ላይ የሚሰጥ ከ1,000 ሰዓት በላይ ትምህርትና ልምምድ ይጠይቃል። በብሪታንያ ዋነኛው መንገድ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። በፈረንሳይ ለከባድ ጥሪ ሐኪሙ ራሱ በአምቡላንስ ይወጣል። ስለዚህ ማንም ሰው ለሥልጠና ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት አንድ ነገር ያጣራ፦ የሙያ ፈቃድ የሚሰጠው አካል ይህን ሥልጠና ያውቀዋል ወይ? ያማረ የምስክር ወረቀት ይዘው ለፈቃድ ሲያመለክቱ «ይህን አናውቀውም» የተባሉ ሰዎች አውቃለሁ።

ሥልጠና ከመግባታቸው በፊት ብዙዎች የሚጨነቁት ደም ማየት ይከብደኝ ይሆን እያሉ ነው። እኔ እስካየሁት ድረስ ደም በሁለት ሳምንት ይለመዳል። ሰው ከዚህ ሥራ የሚወጣው ከደሙ ይልቅ በወገቡና በእንቅልፉ ምክንያት ነው። በመሆኑም ክብደት አነሣስን ገና ከመጀመሪያው ቀን በትክክል መማር፣ ጉልበትን አጥፎ ሸክሙን ወደ ሰውነት አስጠግቶ ማንሣትን ልማድ ማድረግ፣ የጉበት ቫይረስ ክትባትንም ከታካሚ ጋር ከመገናኘት በፊት ማጠናቀቅ ያስፈልጋል። የመንጃ ፈቃድ ያለው ሰው በብዙ ቦታ ቶሎ ይቀጠራል።

«ለዚህ ሙያ አልተፈጠርኩም» ለሚል ሰው የምነግረው አንድ ታሪክ አለኝ። እስከ 1960ዎቹ ድረስ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በብዙ የአሜሪካ ከተሞች በሽተኛ ወደ ሆስፒታል የሚጓዘው በፖሊስ መኪና ወይም የቀብር አስፈጻሚዎች በሚያሰማሩት የአስከሬን መኪና ነበር፤ በመንገድ ላይ ሕክምና የሚሰጥ ሰው አልነበረም። በ1967 በፒትስበርግ ከተማ ፍሪደም ሃውስ የተባለ የአምቡላንስ አገልግሎት ተቋቋመ፤ ሠራተኞቹም ከአንድ ድሃ ሰፈር የተመለመሉ፣ ብዙዎቹ ሥራ አጥ የነበሩ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። ሥልጠናቸውን የቀረጸው በዘመናዊ የትንፋሽ እርዳታ ስሙ የሚነሣው ሐኪም ፒተር ሳፋር ነው። እነዚህ ሰዎች በአገሪቱ የመጀመሪያዎቹ ፓራሜዲኮች ከሚባሉት መካከል ሆኑ። አገልግሎቱ በ1975 ተዘጋ፤ ከሠራተኞቹ አንዱ የነበረው ጆን ሙን ግን በሆስፒታል ረዳትነት ጀምሮ በኋላ የከተማው የድንገተኛ ሕክምና አገልግሎት ምክትል ኃላፊ እስከመሆን ደርሷል። እኔን በዚህ ታሪክ የሚገርመኝ ከሹመቱ ይልቅ፣ ማንም ሥራ ሊሰጣቸው ያልፈለጋቸው ሰዎች በአግባቡ ሲሠለጥኑ የደረሱበት የሥራ ጥራት ነው።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልመለስ። በሁለተኛው ዓመቴ በአንድ የማታ ፈረቃ፣ ከወጣው ተረኛ መኪናውን ስረከብ የመረካከቢያ ቅጹ ላይ «ኦክስጅን፦ ሙሉ» የሚል ጽሑፍ አየሁና ሲሊንደሩን ሳልከፍት ፈረምኩ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትንፋሽ ያጠራቸው አንድ አዛውንት ዘንድ ተጠራን። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተክለው፣ ትከሻቸው ከፍ ዝቅ እያለ ነበር፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል። ጭምብሉን አድርጌ ቁልፉን ስከፍት የመለኪያው መርፌ ከቀዩ መስመር ጥቂት ከፍ ብሎ ተንቀጠቀጠና ወረደ። አዛውንቱ የሆነው ነገር ገብቷቸው ይሁን አይሁን አላውቅም፤ እጅጌዬን ግን ጨምድደው ያዙት። ትልቁ ሲሊንደር ያለው ታች መኪናው ውስጥ ነው። ያንን ደረጃ ያለ ኦክስጅን ወረድነው። መኪናው ውስጥ ሲደርሱ ኦክስጅኑን አገኙ፤ ሆስፒታልም በሕይወት ደረሱ።

ባለደረባዬ እዚያ ምንም አልተናገረኝም። ወደ ጣቢያ ስንመለስ ግን መኪናውን አቁሞ፣ «ልጄ፣ ባለ 2 ሊትር ሲሊንደር በ150 ባር ግፊት 300 ሊትር ኦክስጅን ይይዛል። በደቂቃ 15 ሊትር ስትለቅበት 20 ደቂቃ ያቆይሃል። ማታ የፈረምክልኝ ስንት ደቂቃ ነበር?» አለኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ሲሊንደር ሳልከፍት፣ የመምጠጫ ማሽን ሳላስነሣ፣ ልብን በኤሌክትሪክ የሚመታውን የዲፊብሪሌተር ባትሪ ሳላይና ትንፋሽ የምንሰጥበትን አምቡ ባግ በእጄ ጨምቄ ሳልሞክር ፈርሜ አላውቅም። አዲስ ሠራተኛ ያድግ ወይም አያድግ እንደሆነ ለመገመት እኔ የማየው ይህንን ነው፤ ማንም በማያየው ሰዓት ቦርሳውን እንዴት እንደሚፈትሽ።

ቀጣዩ ትምህርቴ ስለ ዓይን ነበር። መንገድ ዳር የተኛ አንድ ጎልማሳ «ሰክሮ ነው» ተብለን ተጠራን፤ በእርግጥም ይንተባተባል፣ ይሳደባል፣ የመጠጥ ሽታም አለው። እኔ ቅጹ ላይ «የሰከረ» ብዬ ለመጻፍ ብዕሬን ሳወጣ ባለደረባዬ የሰውየውን ግንባር በእጁ ጀርባ ነክቶ «ላቡ ቀዝቃዛ ነው» አለና ጣቱን ወግቶ ስኳሩን ለካ። የስኳሩ መጠን 32 ነበር፤ ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ሲሆን ዝቅተኛ ይባላል። በደም ሥር ግሉኮስ ሰጠነው፤ ጥቂት ደቂቃም ሳይቆይ የት እንዳለ ጠየቀን፣ ስለ ስድቡም ይቅርታ ለመነን። የመጠጡ ሽታ እውነት ነበር፤ «የሰከረ» የሚለው ግን የእኔ ፍርድ ነው። ሪፖርት ላይ ያየነውን፣ የሸተተንንና የለካነውን እንጂ የፈረድነውን አንጽፍም። ንቃቱ የተዛባ ሰው ሁሉ ስኳሩ ይለካል፤ ይህ ደንብ ልዩ ሁኔታ የለውም።

ወጣቶች ስለ ዕድገት ሲያወሩ ስለ ትንፋሽ ቱቦ፣ ስለ መድኃኒትና ስለ ልብ ምት ንባብ ያወራሉ። እነዚህ አስፈላጊ ናቸው፤ እኔም ለመማር ብዙ ደክሜባቸዋለሁ። ይሁንና ልቡ ለቆመ ሰው ሌሎቹ ሁሉ የሚደገፉበት ሥራ፣ በባልቲሞር የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1960 በጽሑፍ ያቀረቡት ደረትን በእጅ የመጫን ዘዴ ነው። ለአዋቂ ሰው በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲሜትር ጥልቀት፣ ደረቱ ሙሉ በሙሉ እንዲመለስ እየለቀቁ፣ በየ2 ደቂቃውም ሰው እየቀየሩ። በሁለተኛው ደቂቃ መጨረሻ የሚጫነው ሰው ሳይታወቀው ጥልቀቱን ይቀንሳል፤ «አልደከመኝም» የሚለው ደግሞ ከሁሉ በላይ መቀየር ያለበት ነው።

ለከፍተኛው እርከን የተፈተንኩት በአምስተኛው ዓመቴ ሲሆን በመጀመሪያው ሙከራ ወደቅሁ። የጽሑፉን ፈተና በጥሩ ነጥብ አልፌ ስለነበር ቅሬታ አድሮብኝ ፈታኞቹን ምክንያቱን ጠየቅኋቸው። በተግባር ፈተናው ላይ ልቡ የቆመ አሻንጉሊት ፊት ሦስት ረዳቶች ተሰጥተውኝ ሳለ፣ እኔ ተንበርክኬ የትንፋሽ ቱቦውን ለማስገባት ስታገል አንደኛው ረዳት ሆን ብሎ ደረት መጫኑን አቁሞ ነበር። እኔ አላየሁም። «እጅህ ሥራ ላይ ሲጠመድ ቡድኑን ማን ይመራል?» አሉኝ። ራስጌ መቆም ማለት ትልቁን ሥራ በራስ እጅ መያዝ ነው ብዬ አምን ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት ያለፍኩት አብዛኛውን ሥራ ለሌሎች አካፍዬ፣ እኔ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቆሜ ጊዜና ትንፋሽ በመቁጠር ነው።

ዕድገት የሚታይበት ሌላው ቦታ የሆስፒታሉ በር ነው። የድንገተኛ ክፍል ሐኪም ከአምቡላንስ ባለሙያ መስማት የሚፈልገው አራት ነገር ነው፦ ምን እንደደረሰበት፣ ምን ጉዳት እንደተገኘበት፣ ምልክቶቹ ምን እንደነበሩና ምን እንደተደረገለት። በ1974 በግላስጎው ሁለት የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሐኪሞች፣ ቲስዴልና ጄኔት፣ ያወጡት የንቃት መለኪያ ለዚህ ርክክብ ትልቅ ዋጋ አለው፤ ለዓይን አከፋፈት እስከ 4፣ ለንግግር እስከ 5፣ ለእንቅስቃሴ እስከ 6 እየተሰጠ ድምሩ ከ3 እስከ 15 ይሆናል። «ራሱን ስቷል» ብሎ ማስረከብና «ስንደርስ 13 ነበር፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ 9 ሆነ» ብሎ ማስረከብ እጅግ የተራራቁ ናቸው፤ ሁለተኛውን የሰማ ሐኪም ስለ ጭንቅላት ደም መፍሰስ ወዲያው ያስባል።

ከአምቡላንሱ ውጭ ያለውንም መንገድ መዘንጋት አይገባም። የጥሪ ማዕከል ተቀባይ ሆኖ በስልክ ደረት መጫንን ማስተማር፣ አሠልጣኝነት፣ የአየር አምቡላንስ፣ ከባድ ሕሙማንን ከሆስፒታል ወደ ሆስፒታል ማጓጓዝ፣ ለብዙ ተጎጂዎች አደጋ ዝግጅት ማቀድ፣ ወደ ነርስነት ወይም ወደ ሕክምና ትምህርት መሻገርም አለ። ወገቡ የተጎዳ ሰው ዕውቀቱ አብሮት አይጎዳም።

ስለ ልብ ሸክም ጥቂት ልበል። ሕፃን ያጣንበት አንድ ጥሪ ነበረ። ከሆስፒታሉ ስንወጣ ኃላፊያችን ገና ጓንታችንን ሳናወልቅ ቀጣዩን ጥሪ ሰጠን፣ እንዴት ናችሁ ያለን ሰው አልነበረም፤ እኔም ለሳምንታት እንቅልፍ አጣሁ። ዛሬ በእኔ ፈረቃ ከእንዲህ ዓይነት ጥሪ በኋላ መኪናው ለግማሽ ሰዓት ከሥራ ውጭ እንዲሆን አስመዘግባለሁ። ሞተሩ ጠፍቶ እንቀመጣለን፤ መናገር የፈለገ ይናገራል፣ ያልፈለገ ዝም ይላል።

ባለፈው ወር አንዲት አዲስ ሠራተኛ ተመደበችልን። ከሁለተኛ ፎቅ ዳሌያቸው የተሰበረ እናት ስናወርድ፣ «ዛሬ ራስጌውን አንቺ ያዢ» አልኳት። ደነገጠች። እጆቿን እያየች ፈጥና «አንድ፣ ሁለት» ስትል አስቆምኳትና፣ «እጅሽን ተይው፤ እሳቸውን እያየሽ ቁጠሪ» አልኳት። ቀና ብላ የሴትየዋን ፊት አየች፤ ሕመሙ በርትቶባቸው ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር። «እማማ፣ ይተንፍሱ» አለቻቸው። እስኪተነፍሱ ጠበቀችና እንደገና ከአንድ ጀመረች። እኔም እግርጌውን ይዤ፣ ደረጃውን በእግሬ እየዳሰስኩ የኋሊት መውረድ ጀመርኩ።